የእንግዳ ተማሪ እንጀራ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን ካለፈ በኋላ ብርዱን ወደ ኋላው ጥሎ ቍልቍል ወደ ቈላ ይወርዳል። ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ የተሳፈረ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይዞት ይወርዳል። ከከተማው ሆኖ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታየዋል፤ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ደግሞ የይፋት ቈላ እየተዘረጋ ወደ አፋር ሜዳና ወደ አዋሽ ይሄዳል። በዚህ በግድግዳውና በሜዳው መካከል፥ ዛሬ ማሾና ሽንኩርት በሚዘራበት አገር፥ በቀድሞ ዘመን የታወቀ መንግሥት ነበረ።

ወጣት አንባቢዎቼ ስለ ይፋት በትምህርት ቤት የተማራችሁት ምናልባት የጦርነቱን ነገር ብቻ ይሆናል። የወላስማ ቤተ ሰብ በ1285 የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኖች ድል ነሥቶ መንግሥቱን እንደ ያዘ፥ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 ገደማ ከይፋቱ ሰብረዲን ጋር እንደ ተዋጉ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ሰዓደዲን ተሳዶ ዘይላ ላይ እንደ ተገደለ ሰምታችኋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከዚህ በኋላ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሰዓደዲን ልጆች ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ተሰደዱ፤ የየመንም ንጉሥ ተቀብሎ አስተናገዳቸው፤ ቈይተውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። የይፋት ሰው ስደትን የሚያውቀው እንግዲህ ዛሬ አይደለም።

እኔ ግን ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ንጉሥ ልጆች አይደለም። የንጉሥ ልጅ ቢሰደድ ንጉሥ ይቀበለዋል። የማንም ልጅ ያልሆነው፥ ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ ትምህርት ፍለጋ ከይፋት የወጣው ተማሪ ማን ተቀበለው? ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረው አንድ ቀን ወደ ኖራ ፍርስራሽ መውጣቴ ነው። ኖራ፥ አስባሪና መሳል በደጋው ጥግ ላይ የተመሠረቱ የጥንት ከተሞች ናቸው። በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፈረንሳይ የታሪክ አጥኚዎች ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆነው መስጊዶቹን፥ ቤቶቹንና መቃብሮቹን አጥንተዋል። ድንጋዩ ያለ ጭቃ የተካበ ቢሆንም በብዙ ቦታ ገና ቆሞአል። በመስጊዱ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳስብ፥ እዚህ ቁርኣን የቈጠረ ልጅ የበለጠ ልማር ቢል ወዴት ይሄድ ነበር? አልሁ።

መልሱ በካይሮ ይገኛል። አል አዝሀር የተባለው መስጊድ ከ970 እስከ 972 ተሠራ፤ ጥቂት ቈይቶም የትምህርት ቦታ ሆነ፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡት ተማሪዎች እንደየአገራቸው የሚያድሩበትና የሚያጠኑበት ክፍል ነበራቸው፤ ይህንንም ክፍል ሪዋቅ ይሉታል። የሶርያዎች ሪዋቅ፥ የመግሪቦች ሪዋቅ፥ የቱርኮች ሪዋቅ ነበረ። ከእነዚህ መካከል አንዱ የጀበርት ሪዋቅ ነው። ጀበርት የሚለው ስም በአገራችን በኋላ ዘመን የደጋውን እስላም ሁሉ የሚያመለክት ሆነ እንጂ፥ የቀድሞዎቹ የዐረብ ጸሐፊዎች ጀበራ ሲሉ በተለይ ይፋትን ማለታቸው ነበረ። ግብፆች ደግሞ አገሩን ሁሉ በወደቡ ስም ዘይላ ይሉት ስለ ነበረ፥ ከዚህ አካባቢ ሄዶ ሊቅ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ አል ዘይለዒ ተባለ። ፈኽረዲን አል ዘይለዒ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ገብቶ በሕግ ትምህርት መምህር ሆነ፤ በ1342 እዚያው ሞተ። ጀማለዲን አል ዘይለዒ የሐዲስ ሊቅ ነበረ፤ በ1360 ዐረፈ። መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ይነበባል። አል ዑመሪ የተባለው የግብፅ ጸሐፊም ስለ ይፋትና ስለ ጎረቤቶቿ የጻፈውን ዜና ያገኘው ከሸኽ ዐብደላ አል ዘይለዒ ነው። እንግዳው ተማሪ እንጀራውን በልቶ ዝም አላለም፤ አስተናጋጁን አስተምሮአል።

የሪዋቁ አሠራር ቢጠና ደስ ይላል። ለተማሪው በየቀኑ የተወሰነ ዳቦ ይሰጠዋል፤ የሚተኛበት ስፍራ አለው፤ መጽሐፍም ያገኛል። ወጪው የሚመጣው በየዓመቱ ከሚለመን ምጽዋት ሳይሆን ከወቅፍ ነው። ወቅፍ ማለት ባለ ጸጋው ሰው ቤቱን ወይም መሬቱን ለይቶ፥ ኪራዩና ፍሬው ለዘለዓለም ለዚህ ሥራ ይሁን ብሎ የሚተወው ሀብት ነው። ስለዚህ ሰጪው ቢሞትም ዳቦው አይቋረጥም። ዛሬ አንድ ቸር ሰው ለስደተኞች ተማሪዎች የአንድ ዓመት ገንዘብ ይሰጥና፥ በሁለተኛው ዓመት ሐሳቡን ይለውጣል ወይም የአገሩ መንግሥት ይለወጥበታል፤ ልጁም ከመንገድ መካከል ይቀራል። አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በአንድ ዓመት ቸርነት መጀመር ለልጁ ሌላ ስደት እንደ መጨመር ነው።

ከዳቦው የሚበልጠው ግን የሪዋቁ ሹም ነገር ይመስለኛል። የጀበርትን ሪዋቅ የሚያስተዳድረው ግብፃዊ አልነበረም፤ ከጀበርት ወገን የሆነ ሰው ነበረ። በ16ኛው መቶ ዓመት ገደማ ዐብዱረሕማን የተባለ ሸኽ ከዚህ አገር ሄዶ የሪዋቁ አለቃ ሆነ፤ ከእርሱ በኋላም አለቅነቱ በቤተ ሰቡ ሲወራረድ ኖረ። ከእርሱ በሰባተኛው ትውልድ የተወለደው ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ፥ 1753 ተወልዶ 1825 የሞተው፥ በግብፅ የታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ከታላላቆቹ የሚቈጠር ነው። አባቱ ሐሰን የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበረ። ቦናፓርት በ1798 ግብፅን ሲወር ያየውን የጻፈልን ይህ የጀበርት ልጅ ነው። ቤተ ሰቡ ግብፃዊ ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ቢሆንም የአያቶቹን አገር አልረሳም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ጀበርትን እያነሣ፥ ሕዝቡ ለሐጅ በእግሩ እንደሚጓዝና በመካ፥ በመዲናና በአል አዝሀር ሪዋቅ እንዳለው ይናገራል።

አንድ ልጅ ከቈላ ይፋት ተነሥቶ፥ አፋርን አቋርጦ፥ ዘይላ ላይ በጀልባ ተሳፍሮ፥ ወራት ተጉዞ ካይሮ ደረሰ እንበል። የዐረብኛ ንግግሩ የመጽሐፍ ነው፤ ገበያው ውስጥ ይሥቁበታል። የምስክር ወረቀት የለውም። የሪዋቁ አለቃ ግን መምህሩ ማን እንደ ነበረ፥ የትኛውን መጽሐፍ እንደ ቈጠረ በአገሩ ቋንቋ ይጠይቀዋል፤ በመልሱም ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ልጁን ወደ መምህራኑ አቅርቦ «ይህን እኔ ዐውቀዋለሁ» ይላል። ይህ አንድ ቃል ብዙ በር እንደሚከፍት ወደ ፊት እመለስበታለሁ።

ስለ አንዱ ወገን ብቻ እንዳልናገር ደግሞ ከግድግዳው በላይ ወዳለው አገር ልውጣ። ከይፋት ጥቂት ቀን የሚያስኬድ ቦታ፥ በደብረ ሊባኖስ፥ ተስፋ ጽዮን የሚባል መነኵሴ ነበረ። የግራኝ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሸሽቶ በኢየሩሳሌም በኩል ሮማ ገባ። በዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ ለኢትዮጵያ ተሳላሚዎች የተሰጠ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤት ነበረ። መነኰሳቱ በዚያ ይበሉ፥ ይተኙ፥ ይጸልዩ ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ግእዝ ለመማር ወደዚያ ቤት መጡ። ተስፋ ጽዮንም በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ፤ አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም፥ እርሱና ጓደኞቹም የኅትመትን ሥራ አያውቁም ነበር፤ እየተደናበሩ ጨረሱት። በአውሮፓ የግእዝ ትምህርት የተመሠረተው በስደተኛ እጅ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ መቶ ዓመት፥ ከሸዋና ከአካባቢዋ፥ አንዱ ትምህርት ፈልጎ ሌላው ጦርነት ሸሽቶ ወጡ። በአገራቸው ቢገናኙ ኖሮ ምናልባት ሰላምታም አይሰጣጡም ነበር። በባዕድ አገር ግን ያገኙት ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ የራሳቸው ወገን የሚያስተዳድረው ቤት፥ የማይቋረጥ እንጀራ፥ ከሊቃውንት ጋር የሚገናኙበት በር። እኛ የታሪክ መጽሐፍ ስንጽፍ ሁለቱን በሁለት ምዕራፍ ለያይተን፥ አንዱን ላንዱ ወገን አንዱን ለሌላው ማከፋፈላችን ይገርመኛል።

በአገራችን ውስጥስ? ስለ ነጃሺ፥ በ615 ከመካ የተሰደዱትን ስለ መቀበሉ ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም። ከእርሱ ይልቅ በየመንደሩ የነበረውን ያልተጻፈ ሕግ አስባለሁ። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ያነገተ የቆሎ ተማሪ ከጎጃም ወሎ፥ ከወሎ ጎንደር ሲሄድ በደረሰበት ሁሉ እንግዳ ነው፤ ውሻ ይነክሰዋል፥ ልጅ ይሥቅበታል፤ ቢሆንም «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በር የሚዘጋበት ባለ ቤት ጥቂት ነው። ደረሳውም እንዲሁ ነበረ፤ በወሎም በይፋትም መንደሩ ተከፋፍሎ ያበላው ነበር። ዘመድ የሌለው ልጅ ሊቅ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ልማድ ያለ ልክ ላሞግሰው አልወድም፤ ሴት ልጅን፥ ሸማኔንና ሸክላ ሠሪን፥ ቀጥቃጭንም ብዙ ጊዜ በሩ ላይ አስቀርቶአቸዋል። ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ተቀብሎ የጎረቤቱን ልጅ የሚገፋ ትምህርት ቤት በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችን ገና ልጅ ሳለ አንድ መልካም ሥራ ሠርቶአል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1950 ነው። በ1958 ነጻ የወጡት የአፍሪካ መንግሥታት አክራ ላይ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች ሁለት መቶ የነጻ ትምህርት ዕድል ለመስጠት ቃል ገባች። ከኬንያ፥ ከታንጋኒካ፥ ከናይጄሪያና ከሌላም አገር ተማሪዎች መጡ። አብዛኞቹ አገራቸው ገና በቅኝ ገዢ እጅ ነበረ። ያን ጊዜ ኮሌጁ ራሱ ትንሽ፥ የመኝታ ቤቱም ጠባብ ነበር፤ «መጀመሪያ የራሳችንን ልጆች አስተምረን እንጨርስ» ማለት ይቻል ነበር። እንግዶቹ ግን ይዘው የመጡት ነገር ነበረ፤ በአገራቸው መከራከርንና መደራጀትን ለምደው ስለ ነበረ የእኛን ተማሪዎች ዐይን ከፈቱ። የተማሪዎቻችን የማኅበር ሕይወትና የፖለቲካ ንቃት ከእነርሱ ብዙ እንደ ቀዳ የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይመሰክራሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ስጦታውን ሲሰጡ ይህን መልስ የጠበቁ አይመስለኝም።

በሌላውም ዓለም ምሳሌ አለ። ናዚዎች በ1933 አይሁድ መምህራንን ከዩኒቨርሲቲ ሲያባርሩ በለንደን ዊልያም ቤቨሪጅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እነርሱን የሚረዳ ጉባኤ አቋቋመ፤ ድርጅቱ እስከ ዛሬ አለ። በኒው ዮርክም በዚያው ዓመት ለተሰደዱት መምህራን ልዩ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላቸው። የእኛም ሰዎች በ1936 ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ፥ በኋላም ከ1974 ወዲህ፥ በሰው አገር የትምህርት ቤት በር አንኳኵተዋል። ካንኳኩት ውስጥ የተከፈተለትም ያልተከፈተለትም አለ።

አሁን ወደ ሸዋ ሮቢት ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ነገር ያለው እዚያ ነውና። በመጋቢትና በሚያዝያ 2021 በአጣዬና በአካባቢው ግጭት ተነሣ፤ አጣዬ ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትም ከመከራው አላመለጠችም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። ሕዝቡ ያንን የጣርማ በር ዳገት እየወጣ ደብረ ብርሃን ገባ። ቈላ የለመደ ሰው በደጋ ብርድ በመጠለያ አደረ።

ከእነዚህ መካከል አንዲት ልጅ ዐውቃለሁ። ስሟን አልጽፍም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የቤታቸው ነገር ሁሉ ሲቃጠል የስምንተኛና የዐሥረኛ ክፍል ማስረጃዋ አብሮ ነደደ። ከጊዜ በኋላ ወደ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ጸሐፊው ዋናውን ወረቀት አምጪ አላት። ተቃጥሎአል አለችው። እንግዲያስ ከትምህርት ቤትሽ ግልባጭ አስጽፈሽ አምጪ አላት። ትምህርት ቤቱም ተቃጥሎአል አለችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በጠረጴዛው ላይ ካለው ደንብ ውጭ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረው ብቻ፥ «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግሽ?» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ባለ ጉዳይ ዞረ። እኔ ዘንድ መጥታ፥ «ጋሼ፥ ቤቱ ሲቃጠል አልቅሼ ነበር፤ ዛሬ ግን መማሬም አብሮ እንደ ተቃጠለ ነገሩኝ» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ።

የሪዋቁን አለቃ ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው። ያ ሰው ወረቀት አይጠይቅም፤ ሰውን ይጠይቃል። በእኛ ዘመን ይህን ነገር እንደ አዲስ ያገኙት አሉ። የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 ጀምሮ ማስረጃቸው የጠፋባቸውን ስደተኞች ሊቃውንት ቁጭ ብለው እየጠየቁ፥ ያላቸውን እያዩ፥ የተማሩትን የሚመሰክር ወረቀት እንዲሰጣቸው አድርጎአል። ከአል አዝሀር ሽማግሌዎች አሠራር ብዙ አይርቅም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ለተፈናቀለው የአገር ልጅም፥ ድንበር ተሻግሮ ለመጣው ስደተኛም እንዲህ ያለ ጠያቂ ጉባኤ ቢያቆሙ የሚያስፈልጋቸው ገንዘብ ጥቂት፥ ትዕግሥቱ ግን ብዙ ነው።

በአገራችን ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አሉ። ከሱዳን በ2023 በመተማ በኩል የገቡ አሉ፤ ዳባት አጠገብ ዓለም ዋጭ በተባለው ቦታ የሰፈሩ ኤርትራውያንም አሉ። በ2019 የወጣው የስደተኞች ዐዋጅ፥ ቍጥሩ 1110፥ የመማርን መብት ይሰጣቸዋል። ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በኩል የሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድልም ከእነርሱ ብዙዎችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶአል። ሆኖም በዓለም ካሉት ስደተኞች ወጣቶች በ2023 ከፍተኛ ትምህርት ያገኙ የነበሩት ከመቶ ሰባት ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2030 ከመቶ ዐሥራ አምስት ለማድረስ ታስቦአል።

እዚህ ላይ ከአንባቢዎቼ አንዱ እንዲህ ብሎ ቢቈጣኝ አልፈርድበትም፤ «የእኛው ልጆች መች ቦታ አገኙና ነው ለእንግዳ የምትለምነው? በ2022 አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ከመቶ ሦስት የሚበልጡት ጥቂት ብቻ ናቸው ያለፉት።» እውነት ነው። ዳሩ ግን ያ ፈተና ምን እንዳሳየን ተመልከቱ። የወደቁት ልጆች አብዛኞቹ መምህርና መጽሐፍ አጥተው የኖሩ ናቸው፤ በጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውም በውስጣቸው አሉ። መንግሥትም ይህን ዐውቆ፥ ለጥቂት ነጥብ የወደቁትን ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለው እንደገና እንዲያስተምሯቸውና እንዲፈትኗቸው አደረገ። ይህ መንገድ ለሸዋ ሮቢት ልጅ ከሠራ ለስደተኛውም ይሠራል። የተጐዳን ተማሪ ማንሣት የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን በአንድ ሙያ ያነሣል፤ ያን ሙያ የሌለው ሁለቱንም ያወድቃል። ከልምዴ የማውቀው ይህን ነው፤ ለእንግዳ ቸልተኛ የሆነ ጽሕፈት ቤት ለአገሩ ልጅ ትጉህ ሆኖ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁን ተቀብሎ በመኝታ ቤት ጥግ ላይ ጥሎ መተው መቀበል አይባልም። ከአርጎባ መንደር ወይም ከአፋር ሜዳ የመጣ ተማሪ ምግቡ ሲለይበት፥ ቋንቋው ሲሣቅበት፥ በመጀመሪያው ዓመት ትቶ የሚሄደው ብዙ ነው። ሪዋቁ የራሱ ቋንቋ የሚነገርበት ማደሪያ ነበረ፤ ትምህርቱ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በአንድ አደባባይ ነበረ። ማታ ከወገኑ ጋር ይበላል፤ ጠዋት ከሶርያውና ከመግሪቡ ጋር በአንድ መምህር እግር ሥር ይቀመጣል። ተማሪን ከወገኑ መነጠልም፥ ከወገኑ ጋር ብቻ ማጐርም እኩል ይጐዳዋል፤ በየግቢው የምንሰማው የተማሪዎች ጠብ የሁለተኛው ፍሬ ሳይሆን አይቀርም።

የልጅቱን ነገር ሳልጨርስ ትቼው ነበር። ሌላ ቦታ፥ ሌላ ጸሐፊ አገኘች። ይህኛው ደንቡን ዘግቶ፥ «ያስተማረሽ ሰው በሕይወት አለ?» ሲል ጠየቃት። አለ አለችው። ሦስት መምህራን ተፈልገው ተገኙ፤ የሒሳቡ፥ የእንግሊዝኛውና የክፍሉ ኀላፊ። ስንት ነጥብ ታመጣ እንደ ነበረ ከልባቸው አውጥተው ጻፉ፤ የሒሳቡ መምህር ቀይ ብዕር ብቻ ስለ ነበረው በቀይ ፈረመ። ወረቀቱን የጻፉት ደብረ ብርሃን፥ በመጠለያው ውስጥ፥ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ነው፤ ሦስቱም ከእርሷ ጋር በአንድ ሰሞን የተፈናቀሉ ነበሩና።